ሁለት ቀን ለአውስትራሊያዋ ሜልቦርን

ማደሪያችሁን መሃል ከተማ ያዙ። ትንሽ ይወደዳል፣ ግን እዚያ ትራም በነጻ ስለሆነ ለታክሲ የሚወጣው ገንዘብ ይተርፋል። ከነጻው ክልል ካልወጣችሁ ማይኪ የሚባለውን የትራንስፖርት መክፈያ ካርድ ማሽኑ ላይ አታስነኩት፣ ሂሳብ ሊቆርጥባችሁ ይችላል።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ ኩዊን ቪክቶሪያ ገበያ ሂዱ። ከ1878 ጀምሮ ያለ ገበያ ነው። አትክልቱን፣ አሳውን፣ ስጋውን እየዞራችሁ እዩና መጨረሻ ላይ እዚያው ተጠብሶ ማርማላታ የሚሞላበት ዶናት ጋ ተሰለፉ፤ ስኳሩ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ውስጡ ደግሞ እሳት ነው፣ እንደኔ ተስገብግባችሁ ምላሳችሁን እንዳታቃጥሉ። ከሰዓት ሆዚየር ሌን የግድግዳ ስዕሎቹን እዩ፣ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ የእጽዋት መናፈሻው ሣር ላይ ጋደም በሉ፤ መግቢያው ነጻ ነው።

ማታ እንጀራ ካማራችሁ በባቡር ፉትስክሬይ የሚባለው ሰፈር ውረዱ፣ ቅርብ ነው። ያገር ልጅ ምግብ ቤት አታጡም፣ ቡናም አለ። ለባቡሩ ግን ማይኪ ካርዱ ያስፈልጋል።

እሁድ ግሬት ኦሽን ሮድ የሚባለውን ረጅም የባህር ዳር መንገድ ልጨርስ ብላችሁ አትነሱ፣ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። ይልቅ ብራይተን የባህር ዳርቻ ሄዳችሁ ባለቀለም የእንጨት ጎጆዎቹ ጋ ፎቶ ተነሱ። ጃኬት ያዙ፣ በጋም ቢሆን! ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ እዚያ የተለመደ ነው።