የውሃ ታሪፍ ሊጨመር ሲል አሌክሳንድሪያ ያለ ደንበኛ የሚሳሳታቸው ነገሮች

ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው የቧንቧ ውሃ የሚገዛው ከከተማው አስተዳደር ሳይሆን ቨርጂኒያ አሜሪካን ዋተር ከሚባል የግል ኩባንያ ነው። ኩባንያው ግን እንደ ባለሱቅ ዋጋውን በራሱ አይቆርጥም። ሪችመንድ ያለው ስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ሂሳቡን መርምሮ መፍቀድ አለበት። ይህ ክርክር ሬት ኬዝ ይባላል። መዝገብ፣ ምስክር፣ የጊዜ ገደብ ያለው ስለሆነ ከችሎት ብዙም አይለይም። ብዙ ደንበኛ አቤት የሚለው ስለ ኑሮ ውድነት ነው፤ ክርክሩ ደግሞ በሂሳብ ላይ ነው። ስህተቶቹ አብዛኞቹ ከዚህ አለመገናኘት የሚመጡ ናቸው።

የማይመለከተውን ቢሮ ደጅ መጥናት

መጀመሪያ ቢሉ ላይ ያለውን ስም ይዩ። አርሊንግተን ውሃ የሚያቀርበው ካውንቲው ነው፤ ፌርፋክስ ዋተር፣ የሜሪላንዱ ደብሊውኤስኤስሲ እና ዲሲ ዋተርም የሕዝብ ተቋማት ናቸው። የእነሱን ታሪፍ ይዞ ሪችመንድ መሄድ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥም ቢሆን ፍሳሹን የሚያጣራው አሌክስሪኒው የሕዝብ ተቋም ስለሆነ ክፍያውን ኮሚሽኑ አይነካውም። ሌላም አለ፦ ኩባንያው የአሌክሳንድሪያን ውሃ የሚገዛው ከፌርፋክስ ዋተር ነው። የጅምላው ዋጋ ሲጨምር ወጪው ወደ ደንበኛው ይተላለፋል፤ ስለዚህ ጭማሪው ውስጥ የቱ የጅምላ ግዢ፣ የቱ የኩባንያው የራሱ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ዜና ላይ የወጣውን ፐርሰንት ብቻ ማየት

ያ ቁጥር የኩባንያው አጠቃላይ ገቢ ስንት እንዲጨምር እንደተጠየቀ ነው የሚናገረው። የእርስዎን ቢል የሚወስነው ጭማሪው በቋሚ ክፍያውና በፍጆታው መካከል የተከፋፈለበት መንገድ ነው። ለማሳያ ያህል፣ ቋሚ ክፍያው 15 ዶላር፣ እያንዳንዱ 100 ጋሎን ደግሞ 80 ሳንቲም ነበር እንበል። ወደ 22 ዶላር እና 88 ሳንቲም ይሂድ። በወር 3,000 ጋሎን የሚጠቀም ሰው ከ39 ወደ 48.40 ዶላር ይወጣል፤ 24 ፐርሰንት ማለት ነው። 10,000 ጋሎን የሚጠቀመው ከ95 ወደ 110 ይሄዳል፤ 16 ፐርሰንት አይሞላም። ቆጥቦ የሚኖረው ብቸኛ ጡረተኛ የበለጠ ተጨመረበት። ስለዚህ ከማመልከቻው ጋር የሚቀርበውን የታሪፍ ሰንጠረዥ ከራስዎ የ12 ወር ቢል ጋር አስልተው ይዩት። ቢልዎ በሲሲኤፍ (በመቶ ኪዩቢክ ጫማ) ከሆነ አንዱ 748 ጋሎን ነው። የቋሚ ክፍያው ድርሻ ከፍ ማለቱ በራሱ ደህና መከራከሪያ ነው፤ የሚያነሳው ሰው ግን ጥቂት ነው።

“ለምን ያተርፋሉ?” ብሎ መነሳት

ይህ ክርክር ገና ሳይጀመር የተሸነፈ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1923 የዌስት ቨርጂኒያ የውሃ ኩባንያ በሆነው በብሉፊልድ ጉዳይ፣ ኩባንያው ተመሳሳይ ስጋት ባለው ሌላ ሥራ የሚገኘውን ያህል ትርፍ ማግኘት እንዳለበት ወስኗል። የሚያዋጣው ጥያቄ “በስንት ካፒታል ላይ፣ በስንት ፐርሰንት?” የሚለው ነው።

አንድ ቧንቧ እንውሰድ። ኩባንያው አሮጌ መስመር በ1,000,000 ዶላር ቀየረ፤ ግማሹ የባለአክሲዮን ገንዘብ፣ ግማሹ ብድር ነው። ለአክሲዮኑ 10 ፐርሰንት ቢፈቀድ 50,000 ዶላር ይሆናል። ይህ ግን ከታክስ በኋላ እጁ የሚገባው ስለሆነ፣ 21 ፐርሰንቱን የፌዴራል ታክስ ጨምሮ ደንበኛው 63,300 ገደማ ይከፍላል። ብድሩ በ5 ፐርሰንት 25,000 ወለድ አለው። ቧንቧው 75 ዓመት ያገለግላል ቢባል የዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ፣ ማለትም ዋጋው በአገልግሎት ዘመኑ ሲካፈል፣ 13,300 ይሆናል። ድምሩ በመጀመሪያው ዓመት 101,600 ዶላር አካባቢ ነው፤ የስቴት ታክስ ሳይገባ። ትርፉ ወደ 9 ፐርሰንት ቢወርድ ከዚህ የሚቀነሰው 6,300 ገደማ ብቻ ነው። ቧንቧው በ800,000 መቀየር ይቻል እንደነበር ማሳየት ግን ከ20,000 በላይ ያወርዳል።

ትርፍ የሚታሰብበት ይህ ካፒታል ሬት ቤዝ ይባላል፤ ጥያቄዎን እዚህ ላይ ያውሉት። ንብረቱ ተሠርቶ አገልግሎት እየሰጠ ነው? እስከ ዛሬ የተጠራቀመው የእርጅና ተቀናሽ ወጥቶለታል? ሰፈሩን የገነባው አልሚ በራሱ ወጪ ዘርግቶ ያስረከበው መስመር ተቀንሷል? ኩባንያው ባላወጣው ገንዘብ ትርፍ ሊታሰብለት አይገባም። ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የፈነዳን ቧንቧ መጠገን እንደ ወጪ ይመለሳል እንጂ ትርፍ አይታሰብበትም፤ መቀየር ግን ይታሰብበታል። መቀየሩ ስህተት ነው ማለት አይደለም፤ በዚያ መስመር ላይ በዓመት ስንት ስብራት እንደነበረ ይቅረብ ማለት ግን ተገቢ ነው።

አስተያየት መስጠትን ከተከራካሪነት ጋር ማምታታት

ማንኛውም ደንበኛ የመዝገብ ቁጥሩን ጠቅሶ በኮሚሽኑ ድረ ገጽ አስተያየት መጻፍ ይችላል። ቁጥሩ ፒዩአር ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ዓመቱና አምስት አሃዝ ነው። ጥያቄ ለማቅረብ፣ ሰነድ ለማስቀረብ፣ የኩባንያውን ምስክር መስቀለኛ ለመጠየቅ ግን ስለ ጭማሪው በወጣው ማስታወቂያ እስከተቀመጠው ቀን ድረስ የተሳትፎ ማመልከቻ ማስገባት ግድ ነው። ግለሰብ ለራሱ መቆም ይችላል፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ዕድር ወይም የቤት ባለቤቶች ማኅበር ግን በጠበቃ መወከል አለበት። ያ ከከበደ የደንበኞችን ጥቅም ወክሎ የሚገባው የቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ክፍል አለ፤ ስሌትዎን ቀደም ብለው ለእነሱ ይላኩ። ቀደም ብለው የምንለው በምክንያት ነው፦ ብዙ ጉዳይ ሙሉ ክርክር ሳይደረግበት በስምምነት ያልቃል።

አፓርታማ ተከራይቶ ኩባንያውን መክሰስ

ቢሉ የመጣው በአከራዩ ስም የሕንፃውን የውሃ ሂሳብ ለተከራዮች ከሚያከፋፍል ድርጅት ከሆነ የኩባንያው ደንበኛ አከራዩ ነው። የአከፋፈሉ ጥያቄ የኪራይ ውል ጉዳይ ነው።

ጊዜያዊውን ታሪፍ የመጨረሻ አድርጎ መቁጠር

ኮሚሽኑ አዲሱን ታሪፍ ማገድ የሚችለው እስከ 150 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ባያልቅም ኩባንያው ጭማሪውን ማስከፈል ሊጀምር ይችላል፤ ከተፈቀደው በላይ የሰበሰበውን ከነወለዱ የመመለስ ግዴታ እንዳለበት ሆኖ። ስህተቱ ቢሉ ላይ ጭማሪውን አይቶ “አለቀ” ብሎ መተው ነው። የእነዚያን ወራት ቢሎች አይጣሉ። ተመላሽ ከታዘዘ ለነባር ደንበኛ በቢሉ ላይ ይቀነሳል። እስከዚያ ቤት ከለቀቁ ግን አዲሱን አድራሻዎን ለኩባንያው አስመዝግበው ይውጡ፤ አለበለዚያ ቼኩ የሚሄደው ወደ አሮጌው ቤት ነው።