አንቴናውን ከቤት ውጪ አውጡት

ቲቪ በነፃ ለማየት የቤት ውስጥ አንቴና ይዛችሁ ከመስኮት መስኮት የምትዞሩ ከሆነ፣ ድካሙ ይብቃችሁ። ለውጪ የተሠራ አንቴና ጣሪያ ላይ ትከሉ። ግድግዳና ቆርቆሮ ሲግናሉን ያዳክሙታል።

ዋናው ነገር አቅጣጫው ነው። የማሰራጫው ማማ ወዳለበት አዙሩት። የጎረቤት አንቴናዎች ወዴት እንደዞሩ ማየትም ይረዳል። ቀስ እያላችሁ ስታዞሩ አንድ ሰው ቲቪው ላይ የሲግናል ጥራቱን ያንብብላችሁ። ዲጂታል ስርጭት እንደ ድሮው አናሎግ ቀስ በቀስ አይደበዝዝም። ሲግናሉ ከተወሰነ ደረጃ በታች ሲወርድ ምስሉ ይቆራረጥና ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ ምስሉ ስለመጣ ብቻ ወዲያው አትውረዱ። ጥራቱ የቻለውን ያህል ከፍ እስኪል አስተካክሉት፤ አየሩ ሲከፋ ያ ትርፍ ያስፈልጋችኋል።

ገመዱ 75 ኦም ኮአክሲያል (ለቲቪ አንቴና የሚሆነው ክብ ገመድ) ይሁን፤ ባጠረ ቁጥር ይሻላል። የሲግናል ማጉያ (ቡስተር) ካስፈለገ እዚያው አንቴናው አጠገብ ግጠሙት። ከረጅም ገመድ በኋላ ከገባ፣ የደከመውን ሲግናል ከነረብሻው ነው የሚያጎላው። ከዚያ ቻናሎቹን እንደገና ሰርች አድርጉ።

አደራ፣ የመብራት ሽቦ አጠገብ እንዳትሠሩ። ከመብረቅ የሚከላከለውን የኧርዝ መስመር ደግሞ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡት።