ከወሊድ ፈቃድ ስትመለሺ ወተቱ እንዳይደርቅ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ሕፃኑ ግን እስከ 6 ወሩ ከጡት ወተት በቀር ውኃ እንኳ አያስፈልገውም። በመሃል ሦስት ወር ይቀራል። ያቺን ሦስት ወር መሻገር ይቻላል፤ ዝግጅቱ ግን ሥራ ከመግባትሽ በፊት መጀመር አለበት።

ጡት ሞልቶ ሳይታለብ ሲቆይ ሰውነት የሚሠራውን ወተት ይቀንሳል። ቶሎ ቶሎ ባዶ ሲሆን ይጨምራል። አጥሚቱና ሾርባው ለእናት ጉልበት ነውና ይጠጣ፤ ወተቱን የሚያመጣው ግን መታለቡ ነው። ስለዚህ በሥራ ቀን የሚያስፈልግሽ በየሦስት ሰዓቱ 25 ደቂቃ ነው።

ልምምዱን ሥራ ከመጀመርሽ 2 ወይም 3 ሳምንት በፊት ጀምሪ። ጠዋት ጡት ሞልቶ ስለሚያድር ሕፃኑ ጠብቶ ሲያበቃ የቀረውን እለቢ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ጠብታ ብቻ ቢወጣ "ወተት የለኝም" ብለሽ አትደንግጪ፤ እጅ እስኪለምድ ነው።

ፓምፕ ባይኖርሽም በእጅ ማለብ ይበቃል። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። አፉ ሰፊ የሆነ፣ ታጥቦ 5 ደቂቃ የፈላ ኩባያ ያዢና ትንሽ ጎንበስ ብለሽ ተቀመጪ። አውራ ጣትሽን ከጡትሽ ጫፍ በላይ፣ ሌባ ጣትሽን ከበታቹ፣ ከጫፉ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር አርቀሽ አስቀምጪ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ገፋ አድርጊ፤ ቀጥሎ ሁለቱን ጣቶች አቀራርበሽ ጫን አድርጊ፤ ከዚያ ልቀቂ። እንዲሁ ጫን ለቀቅ እያደረግሽ ቀጥዪ። ጣቶችሽ ቆዳው ላይ አይንሸራተቱ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ጫፉን በመጭመቅና በመጎተት ነው፤ ወተቱ ያለው ከጫፉ ኋላ ስለሆነ ይህ ማቁሰል ብቻ ነው። ካመመሽ አያያዝሽ ተሳስቷል ማለት ነው፣ ቦታውን ቀይሪ። አንዱን ጡት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እለቢ፤ ፍሰቱ ሲቀንስ ወደ ሌላው እለፊ፤ ከዚያ ሁለቱንም ድገሚ። ሁሉም በኩል እንዲታለብ ጣቶችሽን በጡቱ ዙሪያ አዙሪ።

በፓምፕ ከሆነ ጡት ላይ የሚገጠመው ቀንድ መሳይ ክፍል ልክሽ ይሁን፤ የጡት ጫፍ ጠርዙን እየፈተገ መሳብ የለበትም። ጉልበቱን ማጠንከር ወተት አይጨምርም፤ ሕመምና ጭንቀት እንዲያውም ወተቱ እንዳይወርድ ያደርጋሉ። እምቢ ሲልሽ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ጡትሽ ላይ አድርጊ፣ የልጅሽን ፎቶ ወይም ቪዲዮ ከስልክሽ ተመልከቺ። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ይሠራል።

ሥራ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ለሆነች እናት ቀኑ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ከቤት ከመውጣትሽ በፊት 1 ሰዓት ላይ አጥቢ፤ ቢሮ 4 ሰዓት ላይ፣ በምሳ 6፡45 ገደማ፣ ከዚያ 9፡30 ላይ እለቢ፤ ቤት ስትደርሺ ወዲያው አጥቢ። ሕፃን እናቱ በሌለችበት ሰዓት በአማካይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ በሰዓት ይበቃዋል። 11 ሰዓት ከራቅሽ 330 ሚሊ ሊትር ያህል ማለት ነው። በትልቅ ዕቃ አንድ ላይ ከማጠራቀም ከ60 እስከ 100 ሚሊ ሊትር እየለያየሽ አስቀምጪ፤ የተረፈው ሁሉ አይባክንም።

ክፍሉ ከ25 ዲግሪ የማይበልጥ ከሆነ ወተቱ 4 ሰዓት ይቆያል። የአዲስ አበባ ቢሮ ለዚህ አያስቸግርም፤ ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ግን እንደታለበ በረዶ ውስጥ ይግባ። ቢሮ ፍሪጅ ከሌለ አንድ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ ያደረ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ያህል ቅዝቃዜ በሚይዝ ቦርሳ ውስጥ ከወተቱ ጋር አስጠግቶ መያዝ ነው፤ በረዶው እስካለ ድረስ እስከ 24 ሰዓት ይጠብቃል። ፍሪጅ ካለ 4 ቀን ይቆያል፤ በሩ ላይ ሳይሆን ከኋላ በኩል አስቀምጪው፣ ቀንና ሰዓት ጻፊበት። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቺው፤ 4 ሰዓት ካለፈ ወደ በረዶው ቦርሳ አዛውሪ። አሁን የታለበ ሙቅ ወተት ቀዝቃዛው ላይ አይጨመር፤ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ።

ቤት ለምትቀረው አያት ወይም ሞግዚት ንገሪያት፦ ቀድሞ የታለበው ቀድሞ ይጠጣ። ወተቱ እሳት ላይ ወይም ማይክሮዌቭ ውስጥ አይግባ፤ ዕቃውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ቅባቱ ከላይ ቢሰፍ ተበላሽቷል ተብሎ አይደፋ፤ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። ለማጠብ ከጡጦ ይልቅ የቡና ሲኒ ይቀላል። ሕፃኑን ቀና አድርጎ አስቀምጦ የሲኒውን ጠርዝ ታችኛው ከንፈሩ ላይ ማሳረፍ፣ ወተቱ ከንፈሩን ሲነካ ራሱ ይልሳል፤ አፉ ውስጥ ማፍሰስ ያንቀዋል። ጀምሮ የተወው በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተጨረሰ ይደፋ።

በሁለተኛው ሳምንት ወተቱ ቀነሰ? አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባ ወይም ሥራ በዝቶ የተዘለለ ሰዓት አለ። መልሺው፤ ሌሊት አጥቢ፣ ቅዳሜና እሁድ ሕፃኑ በፈለገ ቁጥር ይጥባ። ጡት ውስጥ እብጠት ከተሰማሽ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት፣ በእርጋታ ማለብሽን ቀጥዪ፤ አትሺው። ከቅላት ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ወይም በ24 ሰዓት ካልተሻለሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ማጥባትሽን ግን አታቋርጪ፤ ማቆሙ ያባብሰዋል።

አሁን ለአሠሪዎች። የምሳ ሰዓቱ የራሷ ነውና ድርጅቱ የሚሰጣት በቀን ሁለት ጊዜ 25 ደቂቃ ነው። ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ሶኬት፣ በቅርብ ውኃና ሳሙና ይበቃል። መጸዳጃ ቤት የሕፃን ምግብ የሚዘጋጅበት ቦታ አይደለም። በፋብሪካ መስመር ላይ የምትሠራ ከሆነች በነዚያ ሰዓቶች ማን እንደሚተካት አስቀድሞ ይወሰን፤ ሰዓቱም በጽሑፍ ይሁን፣ ቢቻል በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ይግባ። በየቀኑ ሱፐርቫይዘሯን ማስፈቀድ ያለባት እናት ሁለት ቀን ፊት ከነሷት ሦስተኛውን ቀን አትጠይቅም፤ ወተቱ መቀነስ የሚጀምረውም ያኔ ነው።