ፎርማቱ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የምንጽፈው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ የኪራይ ውል፣ የሽያጭ ውል፣ ማመልከቻ። ስለዚህ የሚደጋገመውን ጽሑፍ ፎርማት አድርገን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጠናል። ግማሹ ወርድ ውስጥ ባለው፣ ጽሑፍ አስቀምጦ ሲፈለግ መልሶ በሚያስገባው ኩዊክ ፓርትስ ነው። ግማሹ ኤስፓንሶ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው፤ አጭር ኮድ ስትጽፉ ሙሉውን ጽሑፍ ያመጣላችኋል።

«ትናንት ያስቀመጥኩት ዛሬ የለም»

መብራት ሄዶ ነበር? እንግዲያው ምክንያቱ እሱ ነው። ወርድ አዲሱን ኩዊክ ፓርት ለዘለቄታው የሚያስቀምጠው ሲዘጋ ነው፤ «ላስቀምጥ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ቀን ላይ ሴቭ ያላችሁት ደብዳቤውን እንጂ ፎርማቱን አይደለም። አዲስ ፎርማት በጨመራችሁ ቁጥር ወርድን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ ክፈቱት። እኔ ይህን እስካውቅ አንዱን የኪራይ ውል ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

«ኮዱን እጽፋለሁ፣ ምንም አይመጣም»

ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው። ኮዱን በእንግሊዝኛ ፊደል ሰይማችሁት በአማርኛ ብትጽፉት ኤስፓንሶ አያውቀውም። ኪቦርዱን ቀይሩ፤ ወይም አልትና ስፔስ አንድ ላይ ተጫኑና ከሚመጣው መፈለጊያ ምረጡ።

«ፎርማቱ አለ፣ ሲፈለግ ግን አይገኝም»

ይሄ የእኛው የፊደል ጣጣ ነው። እኔ «የሥራ ውል» ብዬ አስቀመጥኩ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «የስራ ውል» ብላ ፈለገች፣ አጣችው፣ አዲስ ጻፈች። አንቀጻቸው የማይገጥም ሁለት ውል ይዘን ከረምን። ለጆሯችን ሥ እና ስ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ለየቅል ናቸው። ሀ፣ ሐና ኀም፣ ጸና ፀም እንደዚያው። መፍትሄው እነዚህ ፊደላት የሌሉበት ስም መምረጥ ነው። አሁን «ቅጥር» ብለነዋል።

«ሳጥን ሳጥን ሆነብኝ»፣ «በጥያቄ ምልክት ተሞላ»

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሳጥን ከሆነ ፊደሉ አለ፣ ፎንቱ ነው የጎደለው፤ ኒያላ ወይም ኢብሪማ አድርጉት። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ጽሑፉ ጠፍቷል። ኖትፓድ ላይ የአማርኛ ፊደል በማይዘው ኤንሲ (ANSI) በሚባለው ዓይነት ሴቭ ሆኗል ማለት ነው፤ አይመለስም። ሌላ ቅጂ ፈልጉ፤ ለወደፊቱ ሴቭ ስታደርጉ አማርኛ የሚይዘውን ዩቲኤፍ 8 (UTF-8) ምረጡ።

«የሌላ ሰው ስም ወጣ»

ከሁሉም የሚያሳፍረው ይሄ ነው። ከማቻከል የመጡ አንድ አባት ያተምንላቸውን ውል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና፣ «ልጄ፣ እኔ አነደድ ቤት የለኝም» አሉኝ። ፎርማቱን የሠራሁት ካለቀ የሌላ ደንበኛ ውል ነበር። ስሙን ቀየርኩ፣ ወረዳው ቀረ። ባዶ መስመር መተውም አያዋጣም፤ ዓይን ይለምደዋል። አሁን የሚሞላው ቦታ ሁሉ ላይ «ሙላኝ» የሚል ቃል አለ። ከማተማችን በፊት ኮንትሮልና ኤፍ ተጭነን «ሙላኝ» ብለን እንፈልጋለን። አንድም ካልተገኘ ይታተማል።

ስሙ ተስተካክሎ ጾታው የሚቀርበት ጊዜም አለ። «አመልካቹ ጠይቋል» የሚል ፎርማት ሴት ስትመጣ ስንት ቦታ ይበላሻል! ማመልከቻዎቻችንን በሙሉ «እኔ አመልካች እጠይቃለሁ» ወደሚል ቀየርናቸው። «እኔ» ወንድ ሴት አይልም። ለውሉም «እኔ ተከራይ ለመክፈል ተስማምቻለሁ» ይሠራል።

«የድሮው ደብዳቤ የዛሬን ቀን ያሳያል»

ቀኑ ሲገባ በራሱ እንዲታደስ ተደርጓል። ወርድ ቀን ሲያስገባ የሚመጣውን የማደሻ ምልክት አጥፉት። ደግሞ ያ ቀን የፈረንጅ ነው፤ ከጎኑ ዓ.ም ብትጽፉበት ውሉ 7 ወይም 8 ዓመት ወደፊት ይሄዳል። እኛ እዚያም ላይ «ሙላኝ» አድርገንበታል፤ የቀን መቁጠሪያው ከፕሪንተሩ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።