ውድ ሰዓትና ጨረታ፦ ድሬና ሐረር ላይ የማያቸው ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የእጅ ሰዓት ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። ሰዓቱ የስዊሱ ሰዓት ሠሪ የፓቴክ ፊሊፕ ሥራ ነው፤ የሞዴል ቁጥሩ 2497። ዕለቱን፣ ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃን መጠን ያሳያል። ወሩ 30 ይሁን 31፣ ፌብሩዋሪ 28 ይሁን 29 ራሱ ያውቀዋል፤ ይሄ ዘላለማዊ ካላንደር ይባላል። ጃንሆይ የተወለዱት እዚሁ ኤጀርሳ ጎሮ ነው። በወጣትነታቸው ሐረርን አስተዳድረዋል። ጀጎል ውስጥ ያለው የራስ ተፈሪ ቤትም ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ሆኗል። ስለዚህ እኛ ጋ የሳቸው ሰዓት ሚሊዮን አወጣ ሲባል እንደ ሰፈር ወሬ ነው የሚሰማው።

የቆየ ሰዓት ደግሞ እዚህ አገር አይጠፋም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ከገባ ጀምሮ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ዐረቡም፣ ህንዱም ነግዶባታል። ምድር ባቡር የሠራ ሰው ደግሞ ያለ ሰዓት ከቤቱ አይወጣም ነበር። አንዳንዱ ከአያቱ የወረሰው አለው። ሌላው ወንድሙ ከጅዳ ወይም ከዱባይ ያመጣለት ነው። ውጭ ያለ ዘመዱ ጨረታ ገብቶ ሊገዛ የሚያስብም አጋጥሞኛል። አብዛኛው ሰዓት ሚሊዮን አያወጣም፤ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። የሚያወጣውንም ግን እጃችን ላይ የምናበላሸው እኛው ነን።

ወርቁን ማስመዘን

መጀመሪያ የሚደረገው ወርቅ ቤት መሮጥ ነው። ወርቅ ሠሪው ማሽኑን ትቶ ቀፎውን በግራም ያስባል። የሱ ሥራ ይኸው ነው፤ አይፈረድበትም። ሰብሳቢ ግን ሰዓትን በግራም አይገዛም።

የፓቴክ 1518 ሞዴልን ተመልከቱ። ዘላለማዊ ካላንደርና የሩጫ ሰዓት መቁጠሪያን አንድ ላይ ይዞ በተከታታይ የተመረተ የመጀመሪያው የእጅ ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ የተሠራው 281 ብቻ ሲሆን አብዛኛው ወርቅ ነው። በብረት የተሠሩት የሚታወቁት አራት ናቸው። ከአራቱ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2016 ጄኔቫ ላይ በፊሊፕስ ጨረታ ከ11 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ወጣበት። የወርቅ ወንድሞቹ እዚያ ዋጋ አልደረሱም። እ.ኤ.አ. በ2019 በኦንሊ ዎች የበጎ አድራጎት ጨረታ 31 ሚሊዮን ፍራንክ ያወጣው ግራንድማስተር ቻይም የሚባለው የፓቴክ ሰዓትም ብረት ነው።

ስለዚህ ብረት ነው ብላችሁ ለልጅ መጫወቻ አትስጡት። ወርቅ ነው ብላችሁም አታቅልጡት።

ማስወልወልና ማሳመር

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ሰውዬው ሰዓቱን ሊሸጥ ያስባል፤ ከዚያ "ትንሽ ይጽዳ" ብሎ ይሰጣል። አመድ የመሰለው ቀፎ እንደ መስታወት አብርቶ ይመጣል። ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ዋጋው ግን እዚያው ወርክሾፕ ወለል ላይ ከብረት ብናኙ ጋር ቀርቷል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ማሰሪያው የሚገባባቸው የቀፎው ቀንዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ጠርዛቸው ስል ነው። ከጀርባ ወይም ከጎን ደግሞ የወርቁን ጥራት የሚናገሩ ጥቃቅን ማኅተሞች አሉ። ቀፎ በተወለወለ ቁጥር ጠርዙ ይዶለዱማል፣ ማኅተሙም ይጠፋል። የተነሳ ብረት አይመለስም። የጨረታ ሰዎች አጉሊ መነጽር ይዘው መጀመሪያ የሚያዩት ይሄንን ነው። ጭረት ያለበት፣ ግን ቅርጹ ያልተነካ ሰዓት ከሚያበራው ይበልጥባቸዋል።

የሰዓቱ ፊት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ፊቱ ቢጫ ሆነ፣ ነጠብጣብ አወጣ ተብሎ ቀለም ይቀባል፤ ጽሑፉም እንደገና ይታተማል። አቦ፣ ተዉት! የዘመኑ ፊደል ውፍረት፣ የመስመሩ ርቀት፣ የነጥቡ ቦታ ሁሉ ይታወቃል። እንደገና የተሠራ ፊት ዋጋውን ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ሊያወርደው ይችላል። አርጅቶ የቀረው ግን ራሱ ማስረጃ ነው።

የግድ የተቀየረ ዕቃ ካለ አሮጌውን አትጣሉት። ቆጣሪ፣ መሙያ፣ መስታወት፣ ምንም ይሁን ምን በትንሽ ላስቲክ አድርጋችሁ ከሰዓቱ ጋር አስቀምጡት።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ድረስ ጨለማ ውስጥ የሚያበሩ ሰዓቶች ቁጥራቸው በሬዲየም ይቀባ ነበር። ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ አለ። ስለዚህ ከፍቶ መፋቅ ለዋጋውም ለሳንባም አይበጅም።

የኛን ሰዓት ሠሪዎች ማማቴ አይደለም። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ሴይኮውንም ኦሜጋውንም ነፍስ የሚዘሩበት ጎበዞች አሉ። ዘላለማዊ ካላንደር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ውስጥ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትዞር ጥርስ አለች፤ 48ቱን ወር የምታስታውሰው እሷ ናት። እንዲህ ያለውን ከዚህ በፊት ፈትቶ ላልገጠመ ሰው አይሰጥም። ጎበዝ ባለሙያ ራሱ "ይሄን አልነካም" ይላችኋል። እንደዚህ ያለውን ሰው እመኑት።

በፈረንጅ ሰዓትና በኛ ሰዓት መካከል መሳሳት

ይሄኛውን ችግር የውጭ መመሪያ አይነግራችሁም።

እነዚህ ሰዓቶች ጎናቸው ላይ በሹል ነገር የሚጫኑ ትንንሽ መጫኛዎች አሏቸው። ቀን፣ ወርና ጨረቃ የሚስተካከለው በነሱ ነው። ሰዓቱ ቀን ሊቀይር ሲል ግን ጥርሶቹ ከሰዓታት በፊት መያያዝ ይጀምራሉ። በዚያ ሰዓት መጫን ጥርስ ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ በብዙ መመሪያዎች ላይ ከምሽት 8 ወይም 9 እስከ ሌሊት 3 አትንኩ ተብሎ ተጽፏል። ያ በፈረንጅ ነው። በኛ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው።

ጣጣው ያለው ሰዓት አቆጣጠራችን ላይ ነው። አንዳንዱ ሰዓቱን በፈረንጅ አስተካክሎ በሐበሻ ያነባል። ሌላው ቆጣሪውን ራሱን በሐበሻ ያደርገዋል። ሁለተኛው ከሆናችሁ ቀኑ የሚቀየረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ፣ ማለትም ወይ ጠዋት 12 ወይ ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ላይ ከገጠመ እንዲያውም ደስ ይላል፤ የኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ አይደል! አደገኛው ጊዜ ግን አብሮ ይዛወራል። ከሌሊቱ 8 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆናል። ማታ ከገጠመ ደግሞ ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 3። ሰውዬው ከምሳ በኋላ አረፍ ብሎ በርጫው ላይ መጫኛውን ሲጫን ጥርሱ ቀጭ ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፀሐይዋን ሳይሆን ቆጣሪውን እዩ። የሰዓት ቆጣሪው 6 ቁጥር አካባቢ ሲሆን ብቻ ቀኑን ነካኩ። ቆጣሪውን ስታዞሩም ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሁን።

ጨረቃዋም ሰው ታሳስታለች። በተለመደው አሠራር ጨረቃዋን የሚያዞረው ጥርስ 59 ነው፤ ለሁለት ጨረቃ ማለት ነው። አንዷ 29 ቀን ተኩል ትይዛለች። እውነተኛዋ ጨረቃ ግን በየወሩ 44 ደቂቃ ገደማ ትዘገያለች። ስለዚህ በ2 ዓመት ከ8 ወር አካባቢ አንድ ቀን ይዛነፋል። "ጨረቃው አልገጠመም፣ ተበላሽቷል" ብሎ ማስፈታት ትርፉ ኪሳራ ነው። ለረመዳን እንደሆነ ሐረር ጨረቃ የሚያየው ወደ ሰማይ ነው። ዘላለማዊ የሚለውም ስም በልኩ ይያዝ፤ እ.ኤ.አ. በ2100 አብዛኞቹ በእጅ መስተካከል አለባቸው። ጳጉሜንም አያውቋትም።

ታሪኩን በአፍ ብቻ መያዝ

"ጃንሆይ ለአያቴ የሸለሙት ነው።" ይሄን ዓይነት ታሪክ ድሬ ላይ በርጫ ተቀምጦ ያልሰማ የለም። ሊሆንም ይችላል። ጃንሆይ ሰዓት ይሸልሙ ነበር፤ የዘውድ ምልክታቸው ያለባቸው ሰዓቶች አሁንም ጨረታ ላይ ይታያሉ። ጨረታ ቤት ግን በወሬ ዋጋ አይጨምርም።

ታሪክ በማስረጃ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ የፖል ኒውማን ሮሌክስ አሳይቷል። ብረት ነው፣ ካላንደር እንኳ የለውም። ተዋናዩ ያሰረው መሆኑ ግን ይታወቃል። ከጀርባው ሚስቱ "ተጠንቅቀህ ንዳ" ብላ ያስቀረጸችው ጽሑፍ አለ። ለማን እንደሰጠውም ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኒውዮርክ ላይ 17 ሚሊዮን 752 ሺህ 500 ዶላር አወጣ።

እናንተም ጋ አያታችሁ ሰዓቱን አስረው የተነሱት ፎቶ፣ የሽልማት ደብዳቤ፣ የግዢ ደረሰኝ፣ ሣጥኑ፣ የምድር ባቡር መታወቂያቸው ካለ አንድ ላይ አድርጉት። ያረጀ ወረቀት እያላችሁ እንዳትጥሉ። አያታችሁን የሚያውቁ ሽማግሌ በሕይወት ካሉም ዛሬውኑ ሄዳችሁ የነገሯችሁን ጻፉ።

ፓቴክን የመሰሉ ቤቶች ከማህደራቸው ቀድተው ሰዓቱ መቼ እንደተሠራና መቼ እንደተሸጠ የሚያሳይ ወረቀት በክፍያ ይሰጣሉ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ የሚናገረው ያኔ ከፋብሪካ ስለወጣው ሰዓት ነው። ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው ፊቱ ተቀይሮ፣ ቀፎው ተቀይሮ ይሁን አይሁን ወረቀቱ አያውቅም።

ወራሾችን ሳያነጋግሩ መሸጥ

ያ የጃንሆይ ሰዓት ጨረታ ሲወጣ 2017 የመጀመሪያው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015ም ክሪስቲስ ሊሸጠው አቅርቦት ነበር። ከቤተሰቡ በኩል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሳና ከጨረታው ወጣ። የንጉሥ ሰዓት እንዲህ ከሆነ የአያታችሁማ ምን ሊሆን ነው?

እኛ ጋ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የታላቅ ወንድም መሳቢያ ውስጥ ነው። እህት አዲስ አበባ ናት፣ ሌላው ቶሮንቶ ነው። ዋጋው እስኪታወቅ ማንም አያስታውሰውም። ከታወቀ በኋላ ሁሉም ያስታውሰዋል። ስለዚህ ዋጋ ሳትጠይቁ በፊት የወራሾችን ስምምነት በጽሑፍ ያዙ። ገዢ ከሆናችሁም ሻጩን ይሄንኑ ጠይቁት። የተሰረቁ ሰዓቶች የሚመዘገቡበት ዎች ሬጂስተር የሚባል የመረጃ ቋትም አለ፤ በክፍያ በተከታታይ ቁጥሩ ማስፈለግ ይቻላል።

ግምቱን እንደ ዋጋ ማየት

የጨረታ መጽሔት ላይ "ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን" ቢባል ያ የባለሙያ ግምት ነው። ከሱ በላይም በታችም ይሸጣል። ሻጩና ጨረታ ቤቱ ብቻ የሚያውቁት ዝቅተኛ ዋጋ አለ። እዚያ ካልደረሰ ሰዓቱ ሳይሸጥ ይመለሳል። ስግብግብ ሻጭ ይሄን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል። ሳይሸጥ ሲቀር መዝገብ ላይ ይታያል፤ ቀጣዩ ገዢም "ምን ቢኖርበት ነው?" ይላል። ቀፊራ ገበያ ላይ ዛሬ ያልተሸጠውን ነገ በአዲስ ፊት ታቀርቡታላችሁ፤ እዚያ ግን አይረሳም።

ገዢ ደግሞ መዶሻው ሲወርድ የሰማው ዋጋ የመጨረሻ ይመስለዋል። የኒውማን ሰዓት መዶሻው የወረደው 15.5 ሚሊዮን ዶላር ላይ ነው። ቀሪው 2 ሚሊዮን 252 ሺህ 500 ዶላር የጨረታ ቤቱ የገዢ ኮሚሽን ነው። ርካሽ ሰዓት ላይ ደግሞ በመቶኛ ሲሰላ ይብሳል፤ ሩቡን ሊያልፍ ይችላል። ግብር፣ ማጓጓዣ፣ ኢንሹራንስና ወደዚህ ሲገባ ያለው ቀረጥ ሌላ ነው። ቶሮንቶ ያለው ዘመዳችሁ እጁን ከማንሳቱ በፊት ይሄን ሁሉ ደምሮ ይጻፈው።

በሰው እጅ መላክ

"ጅቡቲ የሚሄድ ልጅ አለ፣ ይዞልኝ ይሂድ።" አይሆንም። መጀመሪያ ሰዓቱ የትም መሄድ የለበትም። ትልልቆቹ ጨረታ ቤቶች በፎቶ ብቻ በነፃ ይገምታሉ። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ሁለቱንም ጎን፣ በቀን ብርሃን ያለ ፍላሽ አንሱ። ጀርባውን ለመክፈት ግን በቢላ አትሞክሩ።

ይላክ ከተባለ፣ በተለይ ከታሪክ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ስለዚህ የእናንተ ሰዓት በዚህ ውስጥ ይግባ አይግባ ከቅርስ ባለስልጣን አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስጠይቁ። ሲወጣ ደግሞ ተከታታይ ቁጥሩን ይዛችሁ ጉምሩክ አስመዝግቡ። ጨረታው ላይ ሳይሸጥ ቢመለስ፣ ያንን ወረቀት ካልያዛችሁ በገዛ ሰዓታችሁ እንደ አዲስ ዕቃ ቀረጥ ልትጠየቁ ትችላላችሁ።