የካርቦን ፋይበር ሰሌዳን በሌዘር ሲቆርጡ ጉዳቱን እንዴት መቀነስ ይቻላል?

ለድሮን አካል የሚሆን 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የካርቦን ፋይበር ሰሌዳ ይዤ ባሕር ዳር ወዳለ አንድ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ሄድኩ። አክሪሊክና ኮምፔንሳቶ አጥርቶ የሚቆርጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር አላቸው። ኃይሉን ከፍ፣ ፍጥነቱን ዝቅ አድርገን አንዴ አሳለፍነው። ተቆረጠ። ጠርዙ ግን ከስሏል፣ ክሮቹ ሙጫ አጥተው እንደ ብሩሽ ቆመዋል፣ በአውራ ጣቴ ስጫነው ንብርብሮቹ ተላቀቁ። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለውም ሰሌዳ አብሮ ተበላሽቶ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ጎጃም ውስጥ ቤት ሲለሰን ማየት ይበቃል። ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፤ ጭዱ ስንጥቁን ይይዛል፣ ጭቃው ጭዱን በቦታው ያቆያል። ካርቦን ፋይበርም እንዲሁ ነው፤ ጭዱ 7 ማይክሮ ሜትር ገደማ የሚወፍር የካርቦን ክር፣ ጭቃው ኤፖክሲ የሚባለው ሙጫ ነው። እሳት ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ግድግዳው ላይ የሚነደው ጭዱ ነው፤ እዚህ ቀድሞ የሚሄደው ማያያዣው ነው። ኤፖክሲ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ፈርሶ ጋዝና ከሰል ይሆናል፤ ክሩን ወደ ጋዝ ለመለወጥ ግን 3,600 ዲግሪ ገደማ ያስፈልጋል። ክሩ እስኪቆረጥ ሙጫው ብዙ ጊዜ ይሞታል።

ክሩ ደግሞ ሙቀቱን እንደ መስኖ ቦይ ይዞ ይሄዳል። በተለመደው የካርቦን ክር ውስጥ በርዝመቱ የሚሄድ ሙቀት በኤፖክሲ ውስጥ ከሚሄደው 50 እጥፍ ገደማ በተሻለ ይተላለፋል። ስለዚህ ጨረሩ ያልነካው ሙጫም ይበስላል። በንብርብሮቹ መሃል የታሰረው ጋዝ መውጫ ሲያጣ ይገፋቸዋል፤ በአውራ ጣቴ የተላቀቁት በዚህ ምክንያት ነው።

አንደኛ፣ ራስዎን ይጠብቁ። ጭሱ መርዛማ ነው፤ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሳቢያ ከሌለ ሥራውን አይጀምሩ። ብናኙ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የማሽኑን ቦርድም ያቃጥላል። መነጽሩ ለሌዘርዎ የሞገድ ርዝመት የተሠራ ይሁን። የፋይበር ሌዘር ጨረር (1.06 ማይክሮ ሜትር) በዓይን አይታይም፣ ግን እስከ ሬቲና ይዘልቃል፤ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር (10.6 ማይክሮ ሜትር) የተሠራ መነጽር አያስቆመውም።

ሁለተኛ፣ ሌዘርዎን ይወቁ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን (10.6 ማይክሮ ሜትር) ሙጫውም ክሩም ይውጡታል። የ1.06ቱ ግን ሙጫውን በአብዛኛው አልፎ ክሩን ያግላል፤ ሙጫው ከውስጥ ይቃጠላል። በ355 ናኖ ሜትር የሚሠራ አልትራቫዮሌት ሌዘር፣ በተለይም በጣም አጭር ምት የሚሰጥ ከሆነ፣ የተሻለ ንጹህ ጠርዝ ይተዋል።

ሦስተኛው እርምጃ ከሁሉ ይበልጣል፤ በፍጥነት ደጋግመው ያሳልፉት። አንዴ በዝግታ መቁረጥ ለሙቀቱ የመሰራጫ ጊዜ ይሰጠዋል። ፈጣን ጉዞ፣ ከዚያ ትንሽ ማረፍ፣ ከዚያ እንደገና። ሰሌዳው እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያሰለቻል፤ ግን ሰሌዳውን የሚያተርፈው ይህ ነው። በኖዝሉ (ጨረሩ በሚወጣበት አፍንጫ) አየር ያስነፉ፤ ናይትሮጂን ካለ ደግሞ ክሩ እንዳይነድ ይረዳል። ክሮቹን የሚያቋርጥ መስመር ሙቀትን ወደ ጎን ስለሚስብ ከክሮቹ ጋር ትይዩ ከሚሄደው የበለጠ ይጎዳል፤ ፍጥነቱን በቁራጭ ላይ ሲሞክሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይሞክሩ።

አራተኛ፣ ጠርዙን በአጉሊ መነጽር ይዩ። ሙጫው የሄደበት ደብዛዛ ሰቅ ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ ይለኩ። ከዚያ ሰሌዳውን በሳንቲም ያንኳኩ፤ ጥርት ያለው ድምፅ ድንገት የታፈነ ከሆነ እዚያ ንብርብሩ ተላቅቋል። ከመጀመሪያው ትንሽ አስፍተው ቆርጠው ከሆነ ደብዛዛውን ሰቅ ውሃ ውስጥ በተነከረ የብርጭቆ ወረቀት ይፍቁት፤ ውሃው ብናኙን ይይዘዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከእንዲህ ያለ ቅንብር ቁስ የተሠራ ነው። የድሮንዎ ክፍልም ሸክም የሚይዝ ከሆነና ሳንቲሙ የታፈነ ድምፅ ካሰማ፣ ያን ቁራጭ አይግጠሙት።