ለአማተር ሙዚቃዊ ተውኔት ባንዱን የት እናስቀምጥ?

በትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም በወጣት ማዕከል ሙዚቃዊ ተውኔት የሚያዘጋጁ ክበቦች የባንዱ ቦታ ትዝ የሚላቸው ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ሳምንት ነው። እስከዚያ መድረኩ በዕቃ ተይዟል፣ ወንበሩም ተደርድሯል፤ ለባንዱ የተረፈው ጥግ ይሰጠዋል። ከትርዒቱ በኋላ የሚመጣው ቅሬታ ታዲያ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሙዚቃው ጥሩ ነበር፤ የሚዘፍኑት ግን አልተሰማንም።» በሙዚቃዊ ተውኔት ታሪኩን ወደፊት የሚገፋው ግጥሙ ነው። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ከድምፃዊው አፍ ተነሱ፤ ባንዱ ምንም ያህል ቢያምር ግጥሙን ከሸፈነ ቦታው ስህተት ነው።

መጀመሪያ ለኩ

ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሜትርና ጠመኔ ይዛችሁ አዳራሹ ግቡ። ሙሉ ድራም 2 በ2 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ከነኖታ መቆሚያው አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ገደማ ይበቃዋል፤ ለማሲንቆ ተጫዋች ግን ደጋኑ የሚመላለስበት ክፍት ቦታ በጎኑ ይተውለት። ሁሉንም በጠመኔ ወለሉ ላይ ሣሉት። የአደጋ ጊዜ መውጫውና ወደ እርሱ የሚወስደው መተላለፊያ ከሥዕሉ ውጪ ይሁን፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ቀጥሎ ማን ማንን እንደሚያይ አረጋግጡ። የባንዱ መሪ፣ በአማተር ቡድን ብዙ ጊዜ ኪቦርድ ተጫዋቹ፣ ዋናው ተዋናይ ትንፋሽ ሲስብ ማየት አለበት፤ ዘፈኑ የሚነሳው ከዚያች ትንፋሽ ነውና። ለመሪው ባሰባችሁት ወንበር ላይ ተቀመጡና አንድ ሰው በመድረኩ አራቱም ማዕዘን ይዘዋወር። የጠፋባችሁበት ቦታ ካለ ወይ ወንበሩ ይነሳል፣ ወይ ትዕይንቱ ይሸጋሸጋል።

ከፊት፣ ከጎን ወይስ ከኋላ?

ከመድረኩ ፊት ለፊት ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። ትልልቅ ኦፔራ ቤቶች ለዚህ ብለው ጉድጓድ ያበጃሉ። በጀርመን ባይሮይት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 የተከፈተው የኦፔራ ደራሲው የዋግነር ቴአትር ቤትማ ጉድጓዱን እስከ መድረኩ ሥር ወስዶ ከላይ ጋርዶታል፤ ኦርኬስትራው አይታይም፣ የዘፋኙም ድምፅ ከላዩ ያልፋል። የትምህርት ቤት አዳራሽ ግን ወለሉ ሜዳ ነው፤ ባንዱ በተመልካቹና በተዋናዩ መካከል እንደ ግንብ ይቆማል። መድረኩ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ካለው፣ ሁሉም ተቀምጠው ከተጫወቱና ድራሙ ለስላሳ ከሆነ ያስኬዳል። አለበለዚያ ተዉት።

እኔ የምመርጠው ጎኑን ነው፦ ከመድረኩ በታች፣ በአንድ ወገን፣ ወደ መድረኩ ሰያፍ ዞሮ። መሪው ተዋናዮቹን ያያል፣ እነርሱም ያዩታል፤ ተመልካችም አይከለልም። ባንዱን ተዋናዮች ብዙ ከሚገቡበትና ከሚወጡበት ወገን በተቃራኒው አድርጉት፤ ከዋናው ድምፅ ማጉያ ፊትም አታስቀምጡት፤ ማይክሮፎኖቹ ያፏጫሉ።

የጎን ቦታ አንድ ችግር አለው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 12 ሜትር ርቆ የቆመ ተዋናይ ሙዚቃውን የሚሰማው 35 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። የእርሱ ድምፅ ወደ ባንዱ እስኪመለስ ሌላ 35 ይጨመራል። በፈጣን ዘፈን ይህ በግልጽ ይታወቃል፤ ተዋናዩ ይጎተታል፣ ባንዱም እርሱን ሲጠብቅ አብሮ ይጎተታል። መፍትሔው በሩቁ ወገን አንዲት ትንሽ ሞኒተር፣ ማለትም ወደ ተዋናዩ የዞረች ድምፅ ማጉያ፣ ማስቀመጥና በገመድ ኪቦርዱንና ድራሙን ብቻ መላክ ነው።

ከመድረኩ ኋላ ሲቀመጥ ለፎቶግራፍ ያምራል። ታሪኩ በሰርግ ቤት ወይም በምሽት ክበብ የሚካሄድ ከሆነ ደግሞ ባንዱ ራሱ የትዕይንቱ አካል ይሆናል። ግን ማይክሮፎኑን ልብ በሉ፦ ተዋናዩ ወደ ተመልካች ዞሮ ሲዘፍን የማይክሮፎኑ ፊት ወደ አፉ፣ ከአፉም ባሻገር በቀጥታ ወደ ድራሙ ይዞራል። ድምፃዊውን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ድራሙም አብሮ ይወጣል። ተዋናዮቹም ጀርባቸውን ለመሪው ስለሚሰጡ ከፊታቸው ወደ እነርሱ የዞረ ስክሪን ያስፈልጋቸዋል። ካሜራው በገመድ ከስክሪኑ ጋር ይገናኝ፤ የስልክ የቪዲዮ ጥሪ ስለሚዘገይ አይሆንም። መሪው ያጨብጭብ፤ ድምፁና ምስሉ አብረው ካልመጡ ዕቃውን ቀይሩ።

ባንዱን ሌላ ክፍል ውስጥ መደበቅ ጥሩ መሣሪያና ልምድ ያለው የድምፅ ባለሙያ ላላቸው ብቻ ነው።

በባንዱ ውስጥ

ድራሙ ከድምፃውያኑ ማይክሮፎን በተቻለ መጠን ይራቅ። ከኋላው ያለው ግድግዳ ባዶ ከሆነ ወፍራም መጋረጃ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉበት። ከፊቱ ግልጽ ፕላስቲክ የሚያቆሙ አሉ፤ ከኋላ ድምፅ የሚውጥ ነገር ከሌለ ግን ድምፁ አቅጣጫ ከመቀየር በቀር አይቀንስም። ከዚህ ሁሉ በፊት ብሩሽ ወይም ከቀጫጭን እንጨቶች የታሰረ መምቻ ሞክሩ፤ ርካሹ መድኃኒት እርሱ ነው።

የጊታር ማጉያ መሬት ላይ ሲቀመጥ ድምፁ በተጫዋቹ ጉልበት በኩል ያልፋል። ለራሱ ስለማይሰማው ይጨምራል፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ጆሯቸውን ይይዛሉ። ወንበር ላይ አውጡትና ወደ ተጫዋቹ ጆሮ አዙሩት፤ ሳይለመን ይቀንሳል። ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ካሉ ከድራሙ አርቃችሁ ለየራሳቸው ማይክሮፎን ስጧቸው። መብራት ቢጠፋ ደግሞ ከከበሮ ጋር ሆነው ዘፈኑን የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው።

የኖታ መብራቶች ወደ ታች ብቻ የሚያበሩ ይሁኑ፤ በባትሪ ቢሠሩ ይመረጣል።

በመጨረሻም ፈትኑ

ግጥሙን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ጋብዙ። ዘፈኖቹን የሰማ ሰው ያልተሰማውን ቃል ከትዝታው ስለሚሞላ ለዚህ አይሆንም። አንዱን ዘፈን ከፊተኛው ረድፍ፣ ሌላውን ከመካከል፣ ሌላውን ከኋለኛው ረድፍ ሆኖ ያዳምጥና ያመለጡትን መስመሮች ይጻፍ። ብዙ ከሆኑ ማይክሮፎን ከመጨመራችሁ በፊት የባንዱን ድምፅ ቀንሱ። ባዶ አዳራሽ ከሞላው ይልቅ እንደሚያስተጋባም አትርሱ፤ የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ይውጣሉ።

ቦታው ሲጸድቅ የወንበሮቹን፣ የኖታ መቆሚያዎቹንና የድራሙን እግሮች ወለሉ ላይ በሚለጠፍ ፕላስተር ምልክት አድርጉ። በማግስቱ አዳራሹ ለስብሰባ ይፈለግና ሁሉም ይነሳል።